ስምንተኛው የሚስማር ሣጥን

ሰፈሩ በሙሉ «ሜትር» ነው የሚላት። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቁት ታናሽ ወንድሟና የወንድሟ ልጅ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። «ሜትር» ያሰኛት ከአንገቷ የማይወርደው ቢጫ የልብስ ሜትር ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ የስፌት መኪና ፊት ተቀመጠች፤ በሃምሳ ሰባት ዓመቷም እዚያው ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ የነርስ ጋውን ትሰፋለች፣ የተቀደደ ኪስ ትጠግናለች። ሰው ሲያናግራት አፏ እየመለሰ ዓይኗ ትከሻውን ይለካል። «ወፍረሃል» ካለች ወፍሯል ማለት ነው፤ ሚዛን ላይ መውጣት አያስፈልግም። በዚህ የተነሣ መንገድ ላይ ሲያገኟት ሆዳቸውን ሰብስበው ሰላም የሚሏት ጎረቤቶች አሉ።

ታናሽ ወንድሟ አናጢ ነው። እሱን ደግሞ ሰፈሩ «ያለሚስማር» ይለዋል፤ በዕድሜው ሙሉ መሳቢያ ላይ ሚስማር መትቶ አያውቅም። የመሳቢያውን ፊትና ጎን የሚያያይዘው በጥርስ ነው፤ ከሥሩ ጠበብ፣ ወደ ጫፉ ሰፋ የሚል፣ የርግብ ጭራ የመሰለ ጥርስ። አናጢዎች ዶቭቴል ይሉታል። በአንዱ እንጨት ላይ ጥርሱ፣ በሌላው ላይ ጥርሱ የሚገባበት ጉድጓድ ይቆረጣል። ሁለቱ አንዴ ከተናከሱ መሳቢያውን በየቀኑ መቶ ጊዜ ቢስቡት ፊቱ ተነቅሎ እጅ ላይ አይቀርም። ያለሚስማር ይህን ሁሉ የሚሠራው በእጅ መጋዝና በመሮ ነበር። ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የሚባለው ዓይነት ሥራ ነው።

በወርክሾፑ አንድ ሕግ ነበረው። ጀማሪ ሠራተኛ የመጀመሪያ መሳቢያውን ሲጨርስ አራቱን ጎን ያለ ኮላ ያገጣጥማል። ያለሚስማር መሳቢያውን በአንድ ማዕዘኑ ይይዝና ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ እስከ ሰባት እየቆጠረ ይነቀንቀዋል። ሳይፈታ ሰባት ከደረሰ ያ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ አናጢ ነው። ከተፈታ ግን «በል ልቀመው፤ ሚስማር ምታበትና የሚስማር ሣጥን አድርገው» ይለዋል። ከዚህ የከፋ ስድብ በዚያ ቤት አልነበረም።

ሣጥኑ የሚሰጠው ደግሞ ለጎረቤቱ ለበያጁ ነው። በያጁ ግድግዳው ላይ ሰባት እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ደርድሯል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የወደቀውን ሰው ቅጽል ስም በቀይ ቀለም ጽፎበታል። በር ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ሳይጎበኛቸው አይሄድም። «ይኼኛው አሁን የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ይኼኛው ጥርስ ሐኪም ሆነ፣ እልህ ይዞት መሰለኝ» ይላል።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ያለሚስማር መሮ ሊያነሣ ሲል ቀኝ እጁ እንቢ አለው። ሐኪሞቹ የጭንቅላት ደም ሥር ነው አሉ። አንደበቱ ቀስ እያለ ተመለሰለት። እግሩም በከዘራ እሺ አለ። ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደተኛ ቀረ። ወርክሾፑ ተዘጋ። ለአንድ ክሊኒክ የታዘዘ ባለ ስድስት መሳቢያ ቁም ሣጥን በጅምሩ ቆመ፤ አንዱ መሳቢያ ገብቶለታል፣ አምስቱ ቦታ ባዶ አፍ ነው። ያለሚስማር ቤቱ ውስጥ ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ ይውል ጀመር። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «አለሁ» ይላል፤ ሌላ ጨምር ቢሉት አይጨምርም።

ልጁ ሌላ ከተማ መምህርት ናት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የአባቷ ዝምታ ነው ያስጨነቃት። አንድ እሑድ መጥታ ጉዳዩን አወጣችው።

«አባዬ፣ ያንን የተዘጋ በር እያሰብክ እስከ መቼ? መሣሪያዎቹን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ መጥቶ ያነሣቸዋል።»

«ይውሰዳቸው» አለ ያለሚስማር። «ጥርስ የሚቆርጥ እጅ በሌለበት ቤት መጋዝ ምን ይሠራል?»

ሜትር ሻይ እየቀዳች ነበር። እጇ ቆመ። ባሏ ሲሞት፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ «ዕቃውን ባየሽ ቁጥር ሐዘንሽ ይብስብሻል» ብለው ዘመዶቿ በሳምንቱ ሁሉንም ጠራርገው አስወጥተውላት ነበር። የሚቆጫት ልብሱ ወይም ሰዓቱ አይደለም፤ የምሳ ዕቃው ነው። ክዳኑ ጠማማ ስለነበር ጠዋት ጠዋት በመዳፏ መታ አድርጋ ነበር የምትዘጋው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ላይ መዳፏ የሚመታው ነገር ያጣል። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልተናገረችም። ሻዩን ቀድታ ጨረሰችና፣

«እኔ ብቆርጠውስ?» አለች።

«ምኑን?»

«ጥርሱን።»

ያለሚስማር ሳቀ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር፤ ልጁ ደንግጣ ቀና አለች።

«እትዬ፣ እኔ እንኳ ጥርስ መቁረጥ ለመካን ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንቺ እስክትለምጂው የኔና ያንቺ ጥርስ ረግፎ ያልቃል።»

«በእጅ ማን አለህ? ይቺ ልጅህ ያመጣችልህ ማሽን አለች አይደል? በእሷ ነው የምለው።»

እውነት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ልጁ እጁን ታሳርፍለት ብላ ራውተር አምጥታለት ነበር፤ ግራና ቀኝ እጀታ ያላት፣ ከሥሯ የምትሽከረከር ምላጭ ያወጣች ማሽን። አብሯት ጥርሱን የሚመራ፣ የትልቅ ማበጠሪያ መልክ ያለው ብረት ነበር። ያለሚስማር አንድ ሳምንት ያህል አቆያትና «ይቺ ንብ ናት፤ ቀፎዋ ትግባ» ብሎ በካርቶኗ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ሰቀላት።

«በማሽን የተቆረጠ ጥርስ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው» አለ አሁን።

«ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰው ታዲያ አይበላም? የራስህ መንጋጋ ላይ ያለው ምንድነው?»

ልጁ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ያለሚስማር ግን ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ፤ የመጨረሻ ነገር ሲናገር እንዲህ ያደርጋል።

«እሺ። አንዲት መሳቢያ። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ። እንደ ማንኛውም ጀማሪ እነቀንቃታለሁ። ሰባት ከደረሰች ዕቃው አይሸጥም፤ የወርክሾፑ ቁልፍ ያንቺ ነው። ከተፈታች ግን ልጄን ሁለተኛ እንዳትከራከሪያት።»

«ተስማማን» አለች ሜትር።

በማግስቱ ጠዋት ወርክሾፑን ከፈተችው። የመሥሪያ ባንኮው ላይ አቧራ ተኝቷል። የመጨረሻ ቀን የተላገው እንጨት ፍቅፋቂ ከሥሩ እንደተጠቀለለ አለ። መሮዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፤ የአንዱ ቦታ ባዶ ነው፤ እሱ ባንኮው ላይ፣ ያን ጠዋት ከእጁ እንደወደቀ ተጋድሟል። ሜትር አነሣችው፣ ጠረገችው፣ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ ካርቶኑን አወረደች።

ራውተሯን አወጣች፤ ማበጠሪያውን አወጣች፤ መመሪያውን አወጣች። ከሁሉም ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። ስትፈታው አራት ቁራጭ ሳንቃ ነው፤ ጫፍ ጫፋቸው ላይ ጥርስ ተቆርጦባቸዋል። ገጣጥማ ብታያቸው ነገሩ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው፤ በውስጥ መሆን ያለበት ፊት ወደ ውጭ ዞሯል። በአንዱ ሳንቃ ላይ የእርሳስ ምልክት አየች። የወንድሟን ምልክት ከሺህ ትለየዋለች። ሳንቃዎቹን ትንሽ ይዛ ቆመች። ጋዜጣው አርጅቶ ተቀዷል፤ ከቦርሳዋ አበባ ያለው የጨርቅ ቁራጭ አውጥታ ጠቀለለቻቸውና እዚያው ካርቶኑ ሥር መለሰቻቸው።

መመሪያው በማታነበው ቋንቋ ነበር። ሥዕሉን ግን እንደ ልብስ ንድፍ አነበበችው። የመሳቢያው ፊት ከላይ ይጋደማል፣ ጎኑ ከፊት ለፊት ይቆማል፣ ማበጠሪያው ሁለቱን ተጭኖ ይይዛል። ራውተሯ በማበጠሪያው ጥርስ መሐል እየገባች እየወጣች ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ትቆርጣለች።

ኤሌክትሪኩን ልትሰካ ስትል በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ ሜትር! አናጢ ባንኮ ላይ ደግሞ ምን ሊሰፋ ነው?»

«አፍህ።»

«ኧረ እኔስ ለስምንተኛው ሣጥን ቦታ አዘጋጅቻለሁ። ስምሽን ተለቅ አድርጌ ነው የምጽፈው።»

«ቀለምህን ባታባክን ይሻልሃል።»

ማሽኗ ስትነሣ ጩኸቷ ቤቱን ሞላው። ሜትር አልደነገጠችም። አርባ ሦስት ዓመት ከሞተር ጋር የኖረ ሰው ጩኸት አያስደነግጠውም፤ ጩኸቱ ምን እያለ እንደሆነ ያዳምጣል። አልገፋቻትም፤ ጨርቅ እንደሚመራ መራቻት። አንደኛው ክፍተት፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሰጋቱራው ክንዷ ላይ ይዘንባል። የመጨረሻው ክፍተት ላይ ስትደርስ ልቧ በደስታ ሞላ፤ በሕይወቷ መቶ ሺህ ጊዜ ያደረገችውንም አደረገች። ልብስ ሰፊ የስፌቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጨርቁን የሚረግጠውን እግር ብድግ አድርጎ ጨርቁን ይስባል። ሜትርም ራውተሯን ብድግ አደረገቻት።

ጠረቅ!

የመጨረሻው ጥርስ ተገንጥሎ ግድግዳ መታ። ብረቱ ማበጠሪያ ላይም የጥፍር ጭረት የመሰለ ምልክት ቀረ። በያጁ በሩ ላይ የለም፤ የት እንደገባ አልታወቀም።

ከሰዓት በኋላ ሳንቃዎቹን በጨርቅ ቦርሳዋ ይዛ ወንድሟ ቤት ሄደች። ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ያለሚስማር በግራ አውራ ጣቱ የተገነጠለውን ቦታ ዳሰሰው።

«ብድግ አደረግሻት» አለ።

«እዚያ የነበርክ ነው የምትመስለው።»

«እንጨት አይዋሽም። ምላጯ ከታች ሰፊ ናት፣ የቆረጠችው በር ከላይ ጠባብ ነው። ወደ ላይ ከሳብሻት ጣሪያውን ይዛ ነው የምትወጣው። ስትጨርሺ አታንሻት፤ ወደ ራስሽ ሳቢያት፣ አጥፊያት፣ መሽከርከሯን እስክትተው ጠብቂ። ከዚያ አንሻት።»

ከዚያ ሁለቱን ሳንቃ ጉልበቱ ላይ ገጣጠማቸው፤ ፊቱ ላይ አንድ ነገር የሚጠብቅ ሰው መልክ ነበረው። አዟዟራቸው። እንደገና አዟዟራቸው። የውስጡ በውስጥ፣ የውጩ በውጭ ነው።

«ማን ነገረሽ?» አለ።

«ምኑን?»

«ማበጠሪያው ላይ ስታስሪው የውስጡ ፊት ወደ ውጭ እንደሚሆን። ሁሉም ሰው እኮ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሁሉም ይገለብጠዋል።»

«ስፌት ሁሉ የሚሰፋው ተገልብጦ አይደል እንዴ? ሥዕሉን ሳየው አልከበደኝም።»

ሜትር በጨርቅ የጠቀለለቻቸው አራት ሳንቃዎች ትዝ አሏት። ወንድሟ ማሽኗን ቀፎዋ የከተታት ስለጮኸች እንዳልሆነ ያኔ ገባት። ስሙ በየቤቱ ከገባ በኋላ ከካርቶን በወጣች ማሽን ፊት ጀማሪ ሆኖ መታየት ከብዶት ነበር። አፏ ድረስ መጥቶ መለሰችው። ታላቅ መሆን አንዳንዴ ዝም ማለት ነው።

«ነገ ስትሄጂ ውሰጂኝ» አለ ያለሚስማር፣ ግድግዳውን እያየ።

በማግስቱ በያጁ ወንበር ተሸክሞ ከባንኮው አጠገብ አስቀመጠለት። ያለሚስማር በከዘራው ቀስ እያለ ገባ። መሮዎቹን አየ፤ ባዶ የነበረው ቦታ መሙላቱን አየ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሜትር ራውተሯን ልታስነሣ ስትጎነበስ ግን ድምፁ ቤቱን ሰነጠቀው።

«ሜትሩን!»

«ምን ሜትር?»

«አንገትሽ ላይ ያለውን! አውልቂው! ምላጯ ጫፉን ካገኘችው አንገትሽን ይዛ ነው የምትጠቀልለው!»

ሜትር እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ያንን ሜትር የምታወልቀው ስትተኛ ብቻ ነበር። ስታወርደው አንገቷ ሜዳ የሆነ መሰላት። የምትሰቅልበት ሚስማር በዓይኗ ፈለገች፤ በዚያ ቤት ግን ሚስማር የለም። ሄዳ ወንድሟ አንገት ላይ አጠለቀችለት።

«ያምርብሃል» አለች።

«ሂጂ ወዲያ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ሥራው ግን እንደ አፍ አልቀለለም። ራውተሯን ብድግ ማድረግ ትታለች፤ አሁን ችግሩ ልኩ ሆነ። የመጀመሪያው ግጥሚያ ላላ። ያለሚስማር በሁለት ጣቱ ነካ ነካ አድርጎት «ይኼ የስድስት ዓመት ልጅ ጥርስ ነው፤ ክር አስረሽ ጣሪያ ላይ ወርውሪው» አላት። ምላጯን በጥልቀት ባወጣቻት ቁጥር ጥርሱ እየጠበቀ እንደሚሄድ ደረሰችበትና በደንብ አወጣቻት። ይኼኛው ደግሞ ጨርሶ አልገባም። በእንጨት መዶሻ ስታስገድደው ሳንቃው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ በያጁ ከበሩ።

«አንተ ሥራ የለህም?»

«አለኝ። ቀለሙ እንዳይደርቅ እያማሰልኩ ነው።»

ሜትር ቁጭ አለች። ስለ እንጨት ማሰቡን ትታ ስለምታውቀው ነገር አሰበች። የስፌት መኪናዋ ክሩን የምታጠብቅበት ትንሽ ቁልፍ አላት። ክር ላላ ብላ ሙሉ ዙር የምታዞር ጀማሪ ናት፤ የለመደች ሩብ ዙር፣ የሩብ ሩብ ነው የምታዞረው። ተነሥታ ማሽኗን ከኤሌክትሪክ ነቀለቻት። ምላጯን አንድ ወረቀት በሚያህል ልክ መለሰቻት። በውዳቂ እንጨት ቆርጣ ሞከረችው። ሌላ ግማሽ ወረቀት። ሞከረችው። እንዲህ ስትል ሁለተኛው ሳምንት አለቀ። ወንድሟ ከወንበሩ ሆኖ አንዴ ስለ እንጨቱ መስመር፣ አንዴ ስለ ማሽኗ ድምፅ ይናገራል።

«ሰማሻት? አሁን ተጨንቃለች። ፍጥነቱን ቀንሺላት።»

«ማሽን ጠልተህ የለ? ዛሬ አዘንክላት?»

«እንጨቱ ነው ያሳዘነኝ።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ልትወስደው ስትመጣ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ያገኘችው ጀመር። አንድ ቀን ልጁ ስልክ ደውላ «አክስቴ፣ አባዬ ቤት ስልኩን አያነሣም፣ የት ሄዶ ነው?» ስትል ሜትር ሰጋቱራውን ከስልኩ ላይ እፍ ብላ «ሥራ ላይ ነው» አለቻት። ይህን ቃል ስትናገር የተሰማት ነገር የመጀመሪያ ልብሷን ሰፍታ ደንበኛ የለበሰው ቀን የተሰማት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ጥርሶቹ በመዳፍ ምት የሚገቡ ሆኑ። መዶሻ አላስፈለገም። ሜትር የመሳቢያ ፊት የሆነውን የሙከራ ቁራጭ በጎኑ ላይ አስቀምጣ መዳፏን አንሥታ መታ አደረገችው፤ «ጥፕ» ብሎ ገባ። እጇን እዚያው እንዳሳረፈች ቆየች። ወንድሟ «ምነው?» አላት። «ምንም» አለች። ያችን የተሳካላትን ቁራጭ፣ ልብስ ሰፊ ንድፍ እንደሚያስቀምጠው፣ ጫፏን በስታ በክር አንጠለጠለቻት፤ ከዚያ በኋላ የምላጯን ልክ ከእሷ ላይ ነው የምትወስደው። ዓርብ ቀን ለክሊኒኩ ቁም ሣጥን የሚሆነውን ሁለተኛውን መሳቢያ ቆረጠች።

ቅዳሜ ጠዋት የወንድሟ ልጅ መጣች። ገዢው እኩለ ቀን ላይ መኪና ይዞ ይደርሳል። በያጁ በአንድ እጁ ቀለም፣ በአንድ እጁ ብሩሽ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። መሳቢያው ያለ ኮላ ተገጣጥሞ ባንኮው ላይ ነው። ያለሚስማር ከዘራውን አስደግፎ፣ በሆዱ ባንኮውን ተደግፎ፣ በግራ እጁ ማዕዘኑን ያዘ። ሜትር እጆቿን ጉያዋ ውስጥ ደበቀቻቸው።

«አንድ» አለና ከራሱ በላይ አንሥቶ ነቀነቀው። «ሁለት። ሦስት።»

አራት ላይ የሆነ ነገር ከመሳቢያው ወደቀ። ሜትር ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ወለሉ ላይ ያለው ጭብጥ ሰጋቱራ ብቻ ነው።

«አምስት። ስድስት። ሰባት።»

በያጁ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ መለሰው። ያለሚስማር ግን አላቆመም። «ስምንት። ዘጠኝ።» ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቷል።

«አባዬ፣ ሕጉ እኮ ሰባት ነው!» አለች ልጁ።

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።»

መሳቢያውን ባንኮው ላይ አሳረፈው። አራቱን ማዕዘን ተራ በተራ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። እፍ አለበት። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየና፣

«ለሰው ሠራሽ ጥርስ…» አለ።

«ለሰው ሠራሽ ጥርስ ምን?» አለች ሜትር።

«ያኝካል።»

የወንድሟ ልጅ አክስቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ወደ ውጭ ወጣች፤ «ይቅርታ፣ አይሸጥም» ስትል ከበሩ ወዲያ ተሰማ። «አናጢ ገባበት።»

«እንግዲህ ስምንተኛው ሣጥን ቀረብኝ» አለ በያጁ፤ ግን ቅር ያለው አይመስልም።

«አልቀረብህም» አለ ያለሚስማር። «እትዬ፣ የማሽኗን ካርቶን አምጪው። ከሥሩ አንድ ነገር አለ።»

ሜትር ሳትፈልግ፣ ሳትጎረጉር፣ ቀጥ ብላ ጥቅሉን አውጥታ ባንኮው ላይ አኖረችው። ያለሚስማር አበባ ያለውን ጨርቅ አየው። እሱ የጠቀለለው በጋዜጣ ነበር።

«አይተሽዋል።»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ስስቅብሽ ዝም አልሽ?»

«ታላቅህ አይደለሁ?»

ያለሚስማር አራቱን ተገላቢጦሽ ሳንቃዎች ባንኮው ላይ ደረደራቸው። «ይኼ የኔ ነው» አለ ለበያጁና ተመልሳ ለገባችው ልጁ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። «የዛሬ ሦስት ዓመት በማሽኗ ሞክሬ ገለበጥኩት። ሰው እንዳያየኝ ደበቅሁት፤ ማሽኗንም ሰደብኳት። ሕግ ሕግ ነው። ሚስማር አምጣ።»

ሚስማሩ ከበያጁ ቤት መጣ። ሜትር ሚስማሩን በሁለት ጣቷ ያዘችለት፤ ያለሚስማር በግራ እጁ መዶሻውን አነሣ። የመጀመሪያው ምት ባንኮውን ነው ያገኘው። ሁለተኛው የእህቱን ጥፍር ለጥቂት ሳተ።

«ጣቴን ከሰበርከው ቀሪዎቹን መሳቢያዎች ራስህ ነህ የምትቆርጣቸው» አለችው።

በሦስተኛው ሚስማሩ ገባ። ሣጥኑ ተሠራ፤ ጠማማ ነበር። በያጁ እንደ ትልቅ ነገር በሁለት እጁ ተቀበለውና በቀይ ቀለም «ያለሚስማር» ብሎ ጻፈበት። ግድግዳው ላይ ስምንተኛ ሆኖ ሲሰቀል ሦስቱም ሄደው አዩት።

ከሰዓት በኋላ ያለሚስማር ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በባንኮው ላይ ወደ እሷ ገፋው። ሜትር መልሳ ገፋችው።

«ተስማምተን ነበር እኮ» አለ።

«ሰኞ ጠዋት ሁለት ዩኒፎርም ማስረከብ አለብኝ። አንተ ቀድመህ ክፈተው።»

ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሞቹን አስረክባ ስትመጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁለተኛው መሳቢያ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ከአንደኛው ሥር ተቀምጧል፤ አራቱ ቦታ ገና አፉን ከፍቷል። ያለሚስማር ወንበሩን ትቶ ቆሟል። ባንኮው ላይ አዲስ አራት ሳንቃ ደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ላይ በልብስ ጠመኔ «ውስጥ» ተብሎ ተጽፏል። ፊደሉ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የጻፈው ይመስላል፤ የግራ እጅ ጽሕፈት ነው። በዓይኗ ስትለካቸው አራቱም ልክ ናቸው።

እጇ እንደ ልማዱ ወደ አንገቷ ሄደ። ሜትሩ የለም። ቀና ስትል፣ ቅዳሜ እንደተወችለት፣ ወንድሟ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጉድ ነው!» አለ በያጁ ከበሩ። «አንዱ ሚስማር መታ፣ አንዷ ሜትሯን ጣለች። እኔ ደግሞ የማንን ስም ይዤ ልጥራችሁ?»

«ሥራ ላይ ናቸው በል» አለ ያለሚስማር። «እትዬ፣ አስነሻት። ሰዓቱ ሄደ።»

ሜትር ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። በክር ያንጠለጠለቻትን ናሙና አውርዳ የምላጯን ልክ ወሰደች፤ ከዚያ ማሽኗን ሰካቻት።